ሃያኛው ትንፋሽ

ማክሰኞ ጠዋት ዶክተር ናካሙራ ቢሯቸው አስጠሩኝና መዝገቡን ከፊቴ ዘረጉት። በእስክሪብቷቸው ጫፍ አንዲት ቃል ነካ አደረጉ። «ጋስፕ» ትላለች። ገጹን ገለጡ፤ እዚያም «ጋስፕ»። በአራት እሁድ ውስጥ አስራ ዘጠኝ ጊዜ ተጽፋለች፤ ሁሉም በባልደረባዬ በማሪቴስ የእጅ ጽሑፍ፣ ሰዓቱና የጥንቸሏ ቁጥር ከጎኑ ተመዝግቦ።

ቃሉን አላውቀውም ነበር። አሜሪካ ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አልገባኝም ማለት ግን እስከ ዛሬ ይተናነቀኛል። ስለዚህ ግንባሬን ቋጠር አድርጌ፣ ጉዳዩ ድሮውንም ሲያሳስበው እንደኖረ ሰው ገጹን አየሁት።

«ገብቶሃል?» አሉኝ።

ገብቶኛል አልኳቸው፣ እንደ ልማዴ። ቀና ብለው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ደህና ነህ?»

ምን እንዳዩብኝ አላወቅኩም። ደህና ነኝ አልኩ።

ወደ ጭቅጭቁ ከመግባቴ በፊት ሥራዬን ላስረዳ። ጊዜው በፈረንጆቹ 1996 ነው። እኔ ገረመው እባላለሁ፤ አገር ቤት አስራ አንድ ዓመት ራጅ ያነሳሁ ሰው ነኝ። እዚህ ግን የካሊፎርኒያ ላይሰንስ ስለሌለኝ የሰው ጣት እንኳን ማንሳት አይፈቀድልኝም። መጀመሪያ ሳን ሆዜ ፓርኪንግ ጠበቅኩ። ከዚያ ኦክላንድ አንድ ትንሽ የምርምር ላብራቶሪ የእንስሳት ማደሪያ ኬጅ ለማጠብ ተቀጠርኩ። ሁለት ዓመት የጥንቸል ኬጅ አጠብኩ። ስለ ኬጅ ማጠብ ብዙ የምለው የለኝም፤ እጅ ይሰነጣጥቃል፣ ልብስ ይሸታል፣ ማንም ስምህን አያውቅም።

ከዚያ ዶክተር ናካሙራ መጡ። የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ የሚያጠኑት ሳንባ ጠባሳ እያበጀ የሚደርቅበትን በሽታ ነው። አስራ ሁለት ነጫጭ ጥንቸሎች ነበሯቸው። ለስምንቱ በሽታውን የሚያስይዝ መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል፤ አራቱ ጤነኞች ናቸው፣ ለማነጻጸሪያ የተቀመጡ። ከስምንቱ በሽተኞች ደግሞ ግማሾቹ አዲስ መድኃኒት ይሞከርባቸዋል። ድሮ እንዲህ ያለ ጥናት ሲካሄድ በየሁለት ሳምንቱ ጥቂቶቹን እየገደሉ ሳንባቸውን አውጥቶ ማየት ነበር ደንቡ። እሳቸው ግን ሲቲ ስካን እያለ ስለ ምን ይሞታሉ አሉ። በሲቲ ስካን ያቺው አንዷ ጥንቸል፣ ሳትቀደድ፣ ዛሬም ትታያለች፣ የዛሬ ሁለት ሳምንትም ትታያለች። ጤነኛ ሳንባ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነው። ጠባሳ ሲይዝ ጭጋግ እንደጋረደው መስታወት ነጣ ይላል። ነጩ ከሰፋ በሽታው ብሷል፣ ከጠበበ መድኃኒቱ ሠርቷል ማለት ነው። ማመልከቻዬ ላይ ራጅ የሚለውን አይተው፣ «ጥንቸሎቹን የምታስተኛውና ትንፋሻቸውን የምትይዘው አንተ ነህ» ሲሉኝ ከኬጅ ክፍሉ የወጣሁት በእግሬ አይመስለኝም፤ በደስታ ነው።

ማሽኑ ያለው ሳን ሆዜ ነው፣ ሰው የሚታይበት ክሊኒክ ውስጥ። እሁድ ስለሚዘጋ ለእኛ ፈቅደውልናል። እሁድ እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስድስት ጥንቸሎች በቫን ጭኜ ከኦክላንድ በኤይት ኤይቲ አውራ ጎዳና ቁልቁል እወርዳለሁ፤ በሳምንቱ ደግሞ ሌሎቹን ስድስቱን። እያንዳንዷን እመዝንና በክብደቷ ልክ ማደንዘዣ እወጋታለሁ። የኋላ እግሯን ጣት እቆነጥጣለሁ፤ እግሯን ከሳበች አልተኛችም፣ ካልሳበች ተኝታለች። ቀጭን ቱቦ በጉሮሯ አስገብቼ ከመተንፈሻው ማሽን ጋር አገናኛታለሁ። ሳንባ እየተንቀሳቀሰ ፎቶ ስለማይነሳ፣ ደረቷ በአየር ሲሞላ ቧንቧውን እዘጋለሁ። ለሃያ ሰከንድ ያህል ትንፋሿ ቀጥ ይላል። ማሽኑ አንስቶ የሚጨርሰው በዚያ መሃል ነው።

እኔ ቧንቧውን ይዤ ጨረር ከሚከለክለው የእርሳስ መከለያ ጀርባ እቆማለሁ። የጥንቸል ፀጉር ስለሚያስነጥሰኝ አፍና አፍንጫዬ በጭምብል ተሸፍኗል። ማሪቴስ ከመስታወቱ ወዲያ ኮምፒውተሩ ጋ ትቀመጣለች። ማሪቴስ ፊሊፒንስ ተወልዳ ሄይዋርድ ያደገች የሲቲ ስካን ባለሙያ ናት፣ እኔም እዚያው ስለምኖር የሰፈሬ ልጅ በሏት። ማይክሮፎኑ ከጥንቸሏ ራስ አጠገብ ነው። በኢንተርኮሙ፣ በክፍሎቹ መሃል ባለው መነጋገሪያ፣ «ሬዲ?» ትለኛለች፣ እኔ አዎ ብዬ እጄን አነሳለሁ፣ እሷ ትጀምራለች። ሥራው ይኸው ነው።

«ልክ ልናነሳ ስንል ጥንቸሏ በድንገት አየር ትስባለች» አሉኝ ዶክተር ናካሙራ፣ ጣታቸውን ከቃሏ ላይ ሳያነሱ። «ማሪቴስ በኢንተርኮሙ ትሰማታለች። ከሃያ አራት ጊዜ አስራ ዘጠኙን ሰምታለች። የታመሙት ብቻ ቢሆኑ ከበሽታው ነው እል ነበር። ጤነኞቹም ይስባሉ።»

ወዴት እየሄዱ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። የታመመውንም ጤነኛውንም እኩል የሚያገኝ ነገር ቢኖር እጄ ነው።

«በደንብ የተኛ እንስሳ እንዲህ አያደርግም» አሉ። «እንዲህ የሚያደርገው ግማሽ የነቃ ነው። ነቅታ ሳለ ትንፋሿን እየያዝክባት ነው ማለት ነው፣ ገረመው።»

ተናደድኩ። «ቆንጥጫለሁ! አንድም ሳልቆነጥጥ ያለፍኩት የለም። ምስሎቹን ይዩዋቸው። ጥንቸሏ ብትንቀሳቀስ የሳንባዋ ጠርዝ ድርብ ሆኖ ይወጣ ነበር። የታለ?»

«ምስሎቹን አይቻለሁ። ጥርት ያሉ ናቸው። እኔንም ግራ የገባኝ እሱ ነው፤ ሁልጊዜ ከፎቶው በፊት ነው፣ መሃሉ ላይ አንድም ጊዜ የለም። ግን ማሪቴስ ያልሰማችውን አትጽፍም።»

ማሪቴስ አራት ደቂቃ ካረፈደች «አራት ደቂቃ አርፍጃለሁ» ብላ በራሷ ላይ መዝገብ የምትጽፍ ሴት ናት። እሷን ውሸታም ማለት አልችልም። ራሴን ደግሞ ውሸታም አልልም።

«እሁድ እኔም እመጣለሁ» አሉ ዶክተሯ መዝገቡን እየዘጉ። «አንዷ እንኳን ከሳበች ማደንዘዣውን ሌላ ሰው ይይዛል። አንተ ወደ ኬጅ ክፍሉ ትመለሳለህ። አዝናለሁ።»

ከቢሮ እንደወጣሁ የኪስ መዝገበ ቃላቴን ገለጥኩ። ጋስፕ፦ በሕመም ወይም በድንጋጤ አየርን በድንገት ወደ ውስጥ መሳብ። አስራ ዘጠኝ ጊዜ። አስራ አንድ ዓመት ስሠራ አንድም ሰው በእጄ አልተጎዳም፤ አሁን መናገር የማይችል እንስሳ አሰቃየህ ተባልኩ። ከመናደዴም በላይ አፈርኩ። ምክንያቱም ትንሽ ትንሽ እየተጠራጠርኩ ነበር። ምናልባት በትክክል አልቆነጠጥኩ ይሆን? ምናልባት እጄ ረስቶ ይሆን?

ቤታችን ሄይዋርድ ነው። ባለቤቴ ወርቅዬ ኤል ሴሪቶ የአዛውንቶች መኖሪያ ውስጥ ትሠራለች። ነገሬን ለሰው እንዳትናገር ለምኛት ነበር። ረቡዕ ማታ ኦክላንድ የጸሎት ፕሮግራማቸው ላይ «ለገረመውና ለጥንቸሎቹ ጸልዩልኝ» ብላ ተነስታ ተናገረች። አንዷ እህት ገረመው ጥንቸል መብላት ጀመረ እንዴ ብላ ጠየቀች አሉ። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ስጨነቅ፣ እነሱ እዚያ ስለ ጥንቸል ሥጋ ይከራከራሉ።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለችኝ ወርቅዬ ስቆጣት። «አንተ አትጸልይ፣ እኔ እንዳልጸልይ ትከለክለኛለህ?»

ሐሙስ ዕለት ከሥራ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ከትምህርት ቤት የመጣ ደብዳቤ አገኘሁ። ልጃችን ሐኒ አስር ዓመቷ ነው። ደብዳቤው ከትምህርት ቤቱ ነርስ ነው፤ ልጅዎ ለአስም ብትመረመር ጥሩ ነው ይላል። ምክንያቱን ሁለቴ አነበብኩት። ሐኒ ጥያቄ ስትጠየቅ በተደጋጋሚ ጋስፕ ታደርጋለች ይላል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ያቺው ቃል፣ መጀመሪያ ጥንቸሎቼ ላይ፣ አሁን ደግሞ ልጄ ላይ።

«ሐኒ! ነይ እስቲ። ትንፋሽ ያጥርሻል?»

«ኖ።» ዓይኗን ከቲቪው አልነቀለችም።

«ደረትሽንስ? ስትሮጪ ያምሻል?»

«ኖ፣ ዳዲ። አይም ፋይን።»

«ታዲያ ነርሷ ለምን እንዲህ ብላ ጻፈች?»

«አይ ዶንት ኖ። ሺ ኬፕት አስኪንግ ሚ ስተፍ። አይ ጀስት ሴድ የስ።»

«እንዴት አድርገሽ ነው የስ ያልሽው?»

ሐኒ አሁን ዞር ብላ አየችኝ፣ አባቷ ዛሬ ምን ነክቶታል በሚል ዓይን። ከዚያ አፏን ከፈት አድርጋ አጭር ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳበች። ያው እኛ ሰው ሲያወራን፣ አዎ፣ እየሰማሁህ ነው፣ ልክ ነህ ለማለት የምንስባት ትንፋሽ። ሁለት መቶ ምናምን ፊደል ይዘን ለእሷ የሚሆን አንድ እንኳን የለንም። ስምም የላትም። ስም ስለሌላት ይሆናል እንደ ቃል ቆጥሬያት የማላውቀው።

ወርቅዬ ከኩሽና ሳቋን ለቀቀችው።

«የአንተ ልጅ አይደለች እንዴ! ከአንተ ነው የወሰደችው። ስልክ ላይማ ሲያወሩህ ሰው ያነቀህ ነው የምትመስለው።»

«እኔ?»

«አዎ፣ አንተ።»

«እኔ እንደዚህ አላደርግም። በሥራ ቦታማ በፍጹም።»

ወርቅዬ እጇን በፎጣ እየጠረገች መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። «እስቲ ያቺ ፊሊፒናዋ እንደምትልህ ልበልህ። ገረመው፣ ሬዲ?»

ሳላስበው እጄን አነሳሁ፤ ትንፋሼንም ወደ ውስጥ ሳብኩ።

ወርቅዬ ጣቷን ወደ አፌ ቀሰረች። ከዚያ ወርቅዬ ወለሉ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሐኒም «ኦ ማይ ጋድ፣ ዳዲ» አለች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ ሶፋው ላይ ቁጭ አልኩ። ማይክሮፎኑ ከጥንቸሏ ራስ አጠገብ ነው። አፌ በጭምብል የተሸፈነ ነው። ማሪቴስ የሰማችውን ጽፋለች። አስራ ዘጠኝ ጊዜ አዎ ብያት፣ አስራ ዘጠኝ ጊዜ ተከሰስኩ።

ያን ማታ አንድ ነገር ደጋግሞ መጣብኝ። ሐኒን በአማርኛ ስንጠይቃት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልን። ቋንቋውን አጣችው ብለን ስንት ጊዜ ተነታርከናል። ይቺን ትንፋሽ ግን ማንም ሳያስተምራት ይዛታለች። ደስ አለኝ። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል ደስ መሰኘቴ ራሴንም ገረመኝ።

እሁድ ጠዋት ሳን ሆዜ ጥንቸሎቹን ሳላወርድ ለዶክተር ናካሙራ ነገሩን ተናገርኩ። አገራችን ሰዉ አዎ የሚለው አየር ወደ ውስጥ እየሳበ ነው፣ ማሪቴስ የሰማችው እኔን ነው አልኩ። ስናገረው ለራሴም ሰበብ መሰለኝ። ዶክተሯ ፊታቸው ምንም አልተለወጠም። ማሪቴስ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ታያለች።

«ጥሩ» አሉ በመጨረሻ። «እንሞክረዋ።»

ሙከራቸው የሳይንቲስት ነበር። ማሪቴስ ጀርባዋን ለመስታወቱ ሰጥታ እንድትቀመጥና የሰማችውን ብቻ እንድትጽፍ አደረጉ። ለእኔ ደግሞ በወረቀት ትእዛዝ ሰጡኝ። ስድስቱም ጥንቸሎች በየተራቸው ሲገቡ አፌን ጥርቅም አድርጌ እጄን ብቻ አነሳሁ፤ እጄን አይተው ጀምሪ የሚሏት ዶክተሯ ነበሩ። ከስድስቱ በአንዷም ምንም አልተሰማም። በመጨረሻ ባዶውን አልጋ ማሽኑ ውስጥ አስገቡና «ሬዲ በይው» አሏት። «ሬዲ?» አለች። እንደ ልማዴ መለስኩ። ማሪቴስ ጻፈች፦ ጋስፕ። ዞር ብላ አልጋው ላይ ጥንቸል እንደሌለ ስታይ በኢንተርኮሙ ጮኸች።

ዶክተር ናካሙራ ሲስቁ ያየኋቸው የዚያን ቀን ብቻ ነው። አስራ ዘጠኙን መስመር በቀይ ሰርዘው ከጎናቸው «ገረመው አዎ ሲል ነው» ብለው ፈረሙ። ከእንግዲህ በቃል እንድናገር ይጠይቁኛል ብዬ ነበር። ማሪቴስ ግን «ተወው፣ አሁን አውቄዋለሁ» አለች። በሳምንቱ «ቡና ልግዛልሽ?» ስላት እሷም በዚያው መልስ መለሰችልኝ፣ ሳቋ እያመለጣት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ጥሩ ነበሩ፤ እውነቱን ለመናገር ከልክ በላይም ጥሩ ነበሩ። ወርቅዬ ታሪኩን በጸሎት ቤቱ ሁሉ አዳረሰችው። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ትንፋሽ ይስብብኛል። ከማሪቴስ ጋር እየተሳሳቅን ነው የምንሠራው። አንድ የተናቀ ሰው ትክክል ሆኖ ሲገኝ ልቡ ያብጣል፤ የእኔም አበጠ።

ሰባት ቁጥር አዲሱን መድኃኒት ከሚወስዱት አንዷ ነበረች። መጀመሪያ ስናነሳት የሳንባዋ ግማሽ ነጭ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ነጩ እየጠበበ፣ ጥቁሩ እየሰፋ መጣ። ዶክተር ናካሙራ ምስሎቿን ጎን ለጎን ደርድረው ሲያዩ ዝም ይላሉ፤ ዝም ማለታቸው ደስታቸው ነው። የመጨረሻው ፎቶዋ በሚነሳበት እሁድ እሳቸውም መጥተው ከማሪቴስ ጎን ተቀመጡ።

አስተኛኋት፤ ቆነጠጥኳት፤ እግሯን አልሳበችም። ቱቦውን አስገባሁ። ማሪቴስ በኢንተርኮሙ ስለ እህቷ ሠርግ እያወራችኝ እኔም እየመለስኩ ነበር። ማሽኑ ደረቷን በአየር ሞላው፣ ቧንቧውን ዘጋሁ።

«ሬዲ?» አለችኝ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ድምፁ መጣ። አጭርና ደረቅ፣ ወደ ውስጥ የተሳበ ትንፋሽ። በኢንተርኮሙ የማሪቴስ ሳቅ ተሰማኝ። «የስ ብሏል» አለቻቸው ለዶክተሯ፣ አስተርጓሚ እንደሆነች ሁሉ። «እጅህን አንሳልኝ እንጂ፣ ገረመው።»

አፌ ግን ተዘግቶ ነበር። እኔ ትንፋሽ አልሳብኩም።

ይህን ሁሉ ያሰብኩት ከሁለት ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ነው። እጄን ባነሳ ማንም አያውቅም፤ ሃያ ሰከንድ ነው፣ ያልፋል። ፎቶውም ደህና ሊወጣ ይችላል። የእኔ አይደለም ካልኩ ግን ከእጄ ስር አንዲት ጥንቸል ነቅታለች ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ማክሰኞ ዕለት የተባልኩት ሁሉ ትክክል ይሆናል። ከዚያም ይብሳል። ሃያኛው የጥንቸሏ ከሆነ አስራ ዘጠኙስ የማን ነበሩ መባሉ አይቀርም። የኬጅ ክፍሉ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ። ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር እጄ ግማሽ መንገድ ተነስቶ ነበር።

ሰባት ቁጥር ደረቷ ተነፍቶ ተኝታለች። ቧንቧዋን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ነቅታ ከሆነ፣ አሁን፣ በዚህ ቅጽበት፣ ያነቅኳት እኔ ነኝ፤ ጩኸትም የላትም።

ቧንቧውን ከፈትኩት። አየሩ እፍ ብሎ ወጣ፣ ማሽኑም መተንፈስ ጀመረላት።

«ስቶፕ!» አልኩ። ጭምብሌን ወደ አገጬ አወረድኩት። «ስቶፕ። እኔ አይደለሁም።»

«ምን ማለት ነው?» አለች ማሪቴስ፣ ሳቋ ገና ሳያልቅ።

«ያ ድምፅ የእኔ አይደለም። የእሷ ነው።»

ዶክተር ናካሙራ በሩን ከፍተው ገቡ። ምንም ሳይናገሩ የጥንቸሏን የኋላ እግር ጣት ቆነጠጡ። እግሯ ሳብ አለ። በጣም ትንሽ ነው፣ ግን ሁላችንም አየነው። ቱቦውን አወጡላት፣ አንስተው ሚዛኑ ላይ አስቀመጧት። ሦስት ኪሎ ከስድስት መቶ። የእኔን ወረቀት አነሱ። ሦስት ኪሎ ከአንድ መቶ ይላል።

«ዛሬ መዝነሃታል?»

«አልመዘንኳትም» አልኩ። «የዛሬ ሁለት ሳምንቱን ነው የገለበጥኩት። እየተሳሳቅን ነበር፣ ሚዛኑን ረሳሁት።»

ስለተሻላት መብላት ጀምራ ነበር፤ ስለበላች ወፍራለች፤ ስለወፈረች የወጋኋት ማደንዘዣ አነሳት። እየዳነች መሆኗን ማየት ከነበረባቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ያላየሁትም እኔ ነኝ።

ዶክተሯ ሁለቱን ቁጥሮች እያፈራረቁ አዩ። ይኼኛው ዝምታ የደስታ አልነበረም። ማሪቴስ መዝገቡን ይዛ ገባች፤ ፊቷ ቀልቷል። «ጻፊ» አሏት። ሰዓቱን ጻፈች፣ ሰባት ቁጥር ብላ ጻፈች፣ ጋስፕ ብላ ጻፈች፣ ከጎኑም እንስሳዋ ራሷ፣ ገረመው እንደተናገረው ብላ ጨመረችበት።

ዶክተር ናካሙራ መዝገቡን ከእጇ ወሰዱና ወደ ኋላ ገለጡት። በቀይ የተሰረዙት መስመሮች ጋ ደረሱ። የፈራሁት እሱን ነበር።

«ገረመው» አሉኝ። «እነዚህ አስራ ዘጠኙ። ሁሉም አንተ ነበርክ?»

በጥሩ እንግሊዝኛ፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ልመልስላቸው ፈለግኩ። አልመጣልኝም። ዓይናቸውን እያየሁ ያለችኝን መልስ መለስኩላቸው፤ አጭር ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብኩ።

ማንም አልሳቀም። ማሪቴስ መዝገቡን ከዶክተሯ እጅ መልሳ ወሰደች፤ ምን አልክ ብላ አልጠየቀችኝም። ከዛሬው መስመር ስር «ስለ አስራ ዘጠኙ ተጠይቆ አዎ ብሏል» ብላ ጻፈች። ዶክተር ናካሙራ አነበቡት። እስክሪብቶ ከኪሳቸው አውጥተው ከስሩ ፈረሙ።

«የዛሬው በፋይልህ ይገባል» አሉኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ሁሉንም ትመዝናለህ። ሁለቴም ትቆነጥጣለህ።» ተመልሰው ከመስታወቱ ወዲያ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

የጎደላትን ማደንዘዣ በሦስት ኪሎ ከስድስት መቶ አስልቼ ወጋኋት፤ እስክትተኛም ጠበቅኩ። በኢንተርኮሙ ማንም አላወራም። የኋላ እግሯን ጣት አንዴ ቆነጠጥኩ፤ ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ቆነጠጥኩ። እግሯንም ትንፋሿንም አልሳበችም።